አንድ የእንግዳ ደጋፊ

ውድ ልጄ ሮድዮን፣

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም፤ እንዴት እንደሆንክ በቴሌቪዥን አያለሁ። ከስተሃል። ግራ እግርህንም ትጎትታለህ። ኮሜንታተሩ "ልምድ ያለው ተከላካይ" ሲልህ እኔ ለብቻዬ "አረጀ ማለቱ ነው" እላለሁ። የምጽፍልህ በስልክ ብነግርህ ስለማትሰማኝ ነው። ገና የአባትህን ስም ስጠራ "እማዬ፣ ልምምድ ደረሰብኝ" ትልና ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ይህን ደብዳቤ የምታርፉበት ሆቴል ውስጥ ለምትሠራው ለጎረቤታችን ለካፒቶሊና እህት ልጅ እሰጣታለሁ። እንዳታነቢው ብያታለሁ፤ ማንበቧ ግን አይቀርም።

የዋንጫው ዕጣ ወጥቶ የአንተው ቭላዲቮስቶክ እኛ ጋ መጥቶ እንደሚጫወት ሲነገር ድንች እየቆፈርን ነበር። አባትህ ሬዲዮውን አጥሩ ላይ ሰቅሎታል። የክለብህ ስም ሲጠራ አካፋውን መሬት ላይ ተክሎ ቀጥ አለ። "ምን ሆንክ?" አልኩት። "ወገቤን ነው" አለኝ። ወገቤን! አንድ ጆንያ እንኳ ሳይሞላ ጥሎኝ ገባ።

አንተ ደግሞ ማታውን "እማዬ፣ የምመጣው ለጨዋታ ነው፤ ቤት አልገባም" ብለህ ላክህልኝ። ለእናት እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ተናደድኩብህ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ስማኝ ልጄ፣ ማሊያህን ባወለቅክበት ቀን ከአባትህ አጠገብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሰው እንዲነግረኝ አልፈልግም። ያኔ ለከተማችን ክለብ ትጫወታለህ፤ ሦስት ለባዶ ተሸንፋችሁ ከሊጉ ወረዳችሁ። ዝናቡ ይወርዳል። ደጋፊው እንደ ልማዱ ወደ አጥሩ ጠራችሁ፤ ያ ድምፅ ማጉያ የሚይዘው ራሰ በራ "ማሊያውን አውልቁ! ልትለብሱት አይገባችሁም!" ብሎ ጮኸ። ልጆቹ እያወለቁ ወረወሩት። ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፣ ምን ገዷቸው! አንተ ብቻ ቆምክ። አምበል ነህ፣ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነህ። የማልደግመው ስድብ ሲወርድብህ ንቅንቅ አላልክም። ከዚያ ከጎኔ "አውልቅ ሮድያ! አውልቅ አልኩህ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል አባትህ ነው፤ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል። አንተም ቀና ብለህ በዓይንህ ፈለግኸው፣ አገኘኸው። አወለቅክ። እኔ እንዳስተማርኩህ እጅጌውን ወደ ውስጥ አጥፈህ አጥሩ ሥር አስቀመጥከው። በዚያ ዝናብ ራቁት ጀርባህን አሳይተኸኝ ሄድክ፤ ከዚያ ወዲህ ቤት አልመጣህም።

አላስተባብልለትም። ያን ቀን አባትህ አልነበረም፣ ደጋፊ ነበር። ቤት ስንገባ "ሰው ለገዛ ልጁ እንዲህ ይላል?" ብዬ ጮህኩበት። "ሁላችንም እኮ ተዋርደናል" አለኝ። "አንተ ምን አደረግክና ትዋረዳለህ? የተጫወተው እሱ ነው!" ስለው ሾርባውን ሳይነካ ተነሳ።

ይኸው ሰውዬ ነው ግን ግቢያችን ውስጥ በረዶ ጠርጎ ኳስ ያስጀመረህ። በአሥራ ሦስት ዓመትህ አዳሪ የስፖርት ትምህርት ቤት ሲወስዱህ "ኳስ ሊጫወት ነው የሚሄደው፣ ምን ያስለቅስሻል?" ብሎ ተቆጣኝ፤ ባቡሩ ከሄደ በኋላ የጣቢያው ሽንት ቤት ገብቶ አልወጣ ያለው እሱ ነው። ሞስኮ እያለህ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ በምትቀመጥባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ድንገት ትገባለህ ብሎ ኮቱን ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ገባህ፤ ለስድስት ደቂቃ። ኳሷን አንዴ በጭንቅላትህ ገጨሃት። ክረምቱን ሙሉ ያቺን ኳስ ሲያወራ ሰፈሩን አሰለቸ። ጉልበትህ ተቀዶ በውሰት ሳይቤሪያ ሲያንከራትቱህ እኔ "ይተወው፣ ሌላ ሥራ ይፈልግ" ስል "ይመለሳል፣ አታሟርቺበት" የሚለኝ እሱ ነበር። ተመልሰህም የገዛ ከተማህ አምበል ሆንክ። ያን ጊዜ ከደስታው ብዛት ጢሙን ተላጨ፤ አስቀያሚ ሆኖ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ትናንት ካፒቶሊና መጣች፤ ያው ስታዲየም ቲኬት የምትሸጠው። ገና ከበሩ "ግላፊራ፣ ባልሽ ጤነኛ ነው?" አለችኝ።

"ምን አደረገ ደግሞ?"

"የእንግዳ ደጋፊ ቦታ ቁረጪልኝ አለኝ! 'ጋሼ አርሴኒ፣ ተሳስተዋል፤ የእርስዎ ቦታ ከበሮው ጋ ነው' አልኩት። 'አልተሳሳትኩም' አለኝ። 'ኧረ ከአገር ዳር ከቭላዲቮስቶክ ማን ይመጣል ብለው ነው? የእንግዳው ቦታ ላይ እኮ ወፍ የለም!' ስለው 'እኔ አለሁ' አለኝ። 'ትቆርጪልኛለሽ ወይስ አትቆርጪልኝም?'"

ቆረጠችለት። እስኪመሽም ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጋራዡ ጋ የሚሰበሰቡት "አርሴኒ ከዳ!" ይሉታል። "የቭላዲቮስቶክ ሰዎች ስንት ቆርቆሮ የዓሣ እንቁላል ከፈሉህ?" ይሉታል። አባትህን ታውቀዋለህ፤ አንድ ቢሉት አሥር የሚመልስ ነበር። አሁን አቀርቅሮ ያልፋቸዋል። ከእነሱ ሌላ ደግሞ ጓደኛ የለውም።

ዛሬ ጠዋት መኝታ ቤት ብገባ ያን ማሊያህን ለብሶ መስታወት ፊት ቆሟል። አዎ፣ ያን ቀን ከአጥሩ ሥር ያነሳው እሱ ነው፤ "ይበሰብሳል ብዬ ነው" ብሎኝ ነበር። ሆዱ ላይ ተወጥሮ እምብርቱ ጋ ቀርቷል።

"አንተ ሰውዬ፣ ስታዲየም ስትሄድ ካፖርት ደርብበት፤ ይስቁብሃል" አልኩት።

"ይሳቁ።"

"ደውለህ ይቅርታ ብትለውስ?"

"በሰው ፊት ነው ያዋረድኩት" አለኝ። "በስልክ እንዴት ይሆናል?"

የማሊያውን ጀርባ እየጎተትኩ አስተካከልኩለት፤ ምንም አልተስተካከለም።

ሮድያ፣ ይቅር በለው አልልህም። የደረሰው በአንተ ነው፤ እኔ በአንተ ምትክ ይቅር ማለት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ፍራ፤ እኔም እየፈራሁ ነው። ይህ የመጨረሻ ዓመትህ እንደሆነ ጉልበትህ እየነገረኝ ነው። ከእንግዲህ በዚህ ሜዳ አትጫወትም። እሱም ደግሞ ይህን ያህል ድፍረት ሁለተኛ አያገኝም፤ አውቀዋለሁ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

ረቡዕ ጨዋታው ሲያልቅ ጓደኞችህ ደጋፊ ስለሌላቸው በቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ይገባሉ። አንተ ግን ደጋፊ አለህ። እሱ የሚቆምበት አጥር ያኔ የቆምክበት አይደለም፤ ማዶ ያለው ነው። ሂድና ፊቱ ቁም፤ ምንም ባትለውም ይሁን። በሕዝቡ ፊት ከከበደህ ደግሞ ግባ፣ ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር። የእንግዳውን በር የሚከፍቱት የከተማው ሕዝብ ወጥቶ ካለቀ በኋላ እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ፖሊሶቹ መሐል ብቻውን እዚያው ይቆያል። ትደርስበታለህ።

በድሮው ቦታዬ የምቀመጠው፣ ለማን እንደማጨበጭብ የጠፋኝ፣
እናትህ ግላፊራ