ቤተ መጻሕፍቱ ከመንደራችን አይወጣም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ክረምት ሲገባ የሚነሳብዎ የጉልበት ሕመም ዘንድሮ እንዴት አደረገዎ? እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? የላክሁላት ጠብታ አለቀ ወይስ እንደ ልማዷ ለጎረቤት አካፈለችው? እህቴ ናኢማስ ፈተናዋ እንዴት ሆነላት? እኔ፣ ባለቤቴ ጠሀና ልጆቻችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰፈራችን ሰባተኛ በጭቃ ተውጣለች፣ ገበያውም ቀዝቅዟል። «ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንንም» ብዬ እንዳልዘጋው ግን ዛሬ የምጽፍልዎ ሆዴ እያረረ ነው። እዚያ ስልክ ቢሠራ ኖሮ በድምፄ በነገርኩዎ ነበር።

ነገሩ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነው። ወሬው ሳይደርስዎ እንደማይቀር አውቃለሁ፤ እውነቱን ግን ከልጅዎ ይስሙት።

እርስዎ የጓሮዎን እንሰት ነቅለው «ልጆቹ የሚያነቡበት ቤት እዚህ ይቁም» ብለው መሬት የሰጡ ጊዜ፣ እዚህ መርካቶ ያለን የአገሩ ልጆች ደግሞ መዋጮውን እንሰበስባለን ብለን ተነሳን። ማን እንደሰበሰበው ልንገርዎ። ኮሚቴ የተባሉት ወንዶች ማኅተም ሲያስቀርጹና ካናቴራ ሲያሳትሙ፣ እኔና ሳህን የምትቸረችረው ጎረቤቴ ሐጀራ አንዳችን የሌላዋን ሱቅ እየጠበቅን በር ለበር ዞርን። ያልገባንበት ተራ የለም። ምን አለሽ ተራ በመዶሻ ጩኸት መሐል ቆመን ስንለምን፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ ምድጃ የሚሠሩ ጋሼ ይገረም የሚባሉ ሰው «እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ አገራችሁን አላውቀውም። ልጅ ግን የትም ልጅ ነው» ብለው ከዕለት ገበያቸው ከፍለው ሰጡን። ኩሊዎቹም፣ ሻይ ሻጮቹም እንደዚሁ። ለሁሉም የነገርናቸው አንድ ነገር ነው፤ መኪና በማይደርስበት መንደር፣ አንድ መጽሐፍ ለመዋስ ግማሽ ቀን ለሚሄዱ ልጆች ነው ብለን።

ሰኔ ሲገባ ኮሚቴዎቹ ሲኒማ ራስ አጠገብ አዳራሽ ተከራይተው ስብሰባ ጠሩ። እኛን ሴቶቹን ከኋላ፣ ከምግቡ ጎን አስቀመጡን። መድረኩ ላይ የአንድ ፎቅ ሥዕል ተሰቅሏል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ፉርቃን ተነሳ። ያ ዛሬ ጨርቅ አስመጪ የሆነው፣ በልጅነቱ ከእኛ ቤት ቆጮ እየበላ ያደገው ፉርቃን ነው። ከእንግዲህ «አንቱ» ልለው አፌ እምቢ ብሎኛልና ይቅር ይበሉኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ከመንደራችን ተነስቶ አስፋልት ዳር ካለችው ከተማ እንዲሠራ፣ ከታች ሱቅ ከላይ መጽሐፍ እንዲሆን ኮሚቴው ወስኗል አለ። «ሚሌኒየሙ ደርሷል፤ እንግዳ መጥቶ የሚያየው ነገር ያስፈልገናል። እዚያ ጫካ ማን ይሄዳል? ገበሬ ከማሳው ገብቶ መጽሐፍ ሊገልጥ ነው?» ሲል አዳራሹ ሳቀ።

አባቴ፣ ሳቁ ነው ያንገበገበኝ። እዚያ ከሳቁት መሐል የገበሬ ልጅ ያልሆነ አንድም አልነበረም።

ከምግቡ ጎን ተነሳሁ። ፉርቃን ገና ሳልናገር «እህቴ ሰዓደት፣ አንቺ የምግቡን ነገር ተከታተዪ፤ ይህ የግንባታ ጉዳይ ነው» አለኝ። እኔም «ስትበሉ እንጂ ስንለምን አላያችሁንም» አልኩት። «አባቴ ቤተሰባቸውን የሚመግቡበትን እንሰት ነቅለው መሬት ሰጥተዋል። እኛም በየሱቁ የመንደሩን ልጆች ስም ጠርተን ለምነናል። አሁን ለአንተ ሱቅ ሊሆን ነው? ሰጪውን ሁሉ ዋሽተን ነው የተቀበልነው በሉና!» ብዬ ተቀመጥኩ። ጥቂቶች አጨበጨቡ፣ ብዙዎቹ መሬት መሬት አዩ፤ ስብሰባውም ሳይቋጭ ተበተነ።

ማታ ጠሀ ተቆጣኝ። «ዝም አይነቅዝም። የምትሸጪውን ጨርቅ የምታመጪው ከማን መጋዘን እንደሆነ ረሳሽው?» አለኝ። አልተሳሳተም። በማግስቱ ፉርቃን መጋዘን ስሄድ ዕቃ ጠባቂው ዓይኔን ሳያይ «ለአንቺ የሚሰጥ የለም ተብያለሁ» አለኝ። ባዶ እጄን ተመልሼ ሱቄ ውስጥ አለቀስኩ፤ የንዴት ልቅሶ ነው። ጠሀ ይህን ሲያይ በእኔ መቆጣቱን ተወ። «በይ ተነሺ፤ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ፣ ለሰጡት ሰዎች ሄደሽ ንገሪያቸው» አለኝ።

እኔና ሐጀራ በዝናቡ ጃንጥላ ይዘን እንደገና ዞርን። አሁን ልመና አልነበረም፤ ለሰጡን ሁሉ የተደረገውን ነገርናቸው። በሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሹ ጢም አለ። ጋሼ ይገረም ጥላሸት በነካው እጃቸው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ፉርቃን አየት አድርጓቸው «ይህ የአገራችን ተወላጆች ስብሰባ ነው» ቢላቸው፣ ሳይነሱ «ስትቀበሉኝ አገሬን አልጠየቃችሁኝም» አሉት። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። እጅ ይውጣ ተባለ፤ ከኮሚቴው ሰዎች እንኳ ሁለቱ አወጡ። ቤተ መጻሕፍቱ እርስዎ በሰጡት መሬት ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። ፉርቃን ለግንባታው እሰጣለሁ ያለውን ገንዘብ አልሰጥም ብሎ፣ ወንበሩን ገፍትሮ ወጣ።

ደስ ይበልሽ ይሉኛል። አልተደሰትኩም። እርሱ ስለወጣ በድንጋይ ሊሠራ የታሰበው ሰፊ ቤት ቀርቶ አንዲት ክፍል ብቻ ናት የምትሠራው። መጋዘኑም እስካሁን ዝግ ነው፤ ጨርቅ ከሌላ ነጋዴ በውድ እያመጣሁ ነው። መጽሐፍ ለግሱ ስንል ደግሞ አይጥ የበላውን፣ ሽፋን የሌለውን ከየጓዳው እየጎተቱ «ለገጠር ይሆናል» ይሉናል። ለገጠር ይሆናል! የኛ ልጆች ዓይን ከሌላው ልጅ ዓይን በምን ያንሳል? እኔ እንዲህ ያለውን አልቀበልም ብዬ መልሻለሁ። ኩሩ ናት ተብያለሁ፤ ይበሉኝ። ጋሼ ይገረም ግን የመጽሐፍ መደርደሪያውን ከበርሜል ብረት በነፃ እየሠሩ ናቸው። ቀለሙ ሳይቀር አማርጠውኛል።

አሁን ዋናውን ልለምንዎ። ከዚያ የመጣ ሰው እንደነገረኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቀረ የሚለውን ወሬ ሰምተው እንሰቱን መልሰው ሊተክሉበት ጉድጓድ መቆፈር ጀምረዋል አሉ። ምን ያህል እንደከፋዎ አውቃለሁ፤ አልፈርድብዎም። ነገር ግን ችግኙን ለሌላ ቦታ ያድርጉት። ክረምቱ ሲወጣ ለጣሪያው ከሚሆነው ቆርቆሮ ጋር እኔ ራሴ እመጣለሁ።

የእናቴን የእቴቴን ጉልበት ሳሙልኝ። ለወንድሜ ሱፍያንና ለሚስቱ ለዱንያ፣ አዲስ ለተወለደውም ልጃቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ናኢማን መጀመሪያ ማንበብ የምትፈልገውን መጽሐፍ ስሙን ጽፋ እንድትልክልኝ ንገሩልኝ። ለጎረቤቶቻችን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በሉልኝ። እርስዎም ዱዓ ያድርጉልኝ። የቆፈሩትን ጉድጓድ ግን እንዳይደፍኑት፤ ለመሠረቱ ይሆነናል።

ልጅዎ ሰዓደት
መርካቶ፣ ሰባተኛ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.