ሂና የተቀባሁት ለሕመም እንጂ ለሠርግ አለመሆኑን ስለማስረዳት

ጥር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለሐበሻ ነጋዴዎች መረዳጃ ማኅበር የሽማግሌዎች ሸንጎ
ለሰብሳቢው ለተከበሩ አቶ ገሠሠ
ገዳሪፍ

ጉዳዩ፦ ሁለተኛ ሚስቴን ይዤ እንድቀርብ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲነሣልኝና ባለቤቴ ወደ ቤቷ እንድትመለስ እርዳታ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ኸይሩ አደም፣ በዚህ በሱዳን፣ በገዳሪፍ ገበያ የሳሙናና የሻይ ቅጠል ዱካን ያለኝ፣ ሸንጎው በመጪው ጁምዓ ሁለተኛ ሚስትህን ይዘህ ቅረብ ብሎ ያዘዘኝ ሰው ነኝ። ትእዛዙን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ይዣት የምቀርበው ሴት ግን የለችኝም።

1. ባለቤቴ ራዲያ አራስ እህቷን ልትንከባከብ ወደ መተማ በተሻገረች ሰሞን፣ ከአንገቴ ሥር አጥንቶቹ የሚጋጠሙበት ቦታ አበጠ። ካርቶን ከመደርደሪያ ማውረድ አቃተኝ። ቀጥሎም መዳፌና ውስጥ እግሬ መግል የቋጠረ ሽፍታ አወጣ። እኔም ከሐኪም በላይ አዋቂ ነኝና አጥንቱን በወጌሻ አሳሸሁ፤ ቆዳውን ለጎረቤቴ ለሂያም አሳየሁ።

2. ሂያም፣ ክቡርነትዎ እንደሚያውቋት፣ በሰፈራችን ሙሽሮችን ሂና የምትቀባ ሱዳናዊት ናት። ሂና ቁስል ያደርቃል አለችኝ፤ በቅን ልቦና ነው። እጇ የለመደው ግን ሙሽራ ነውና መዳፌን፣ ጣቶቼንና እግሬን አጥቁራ፣ አሳምራ ሰደደችኝ። በዚህ አገር እጅና እግሩን እንዲህ ሂና የሚቀባ ወንድ የሚያገባ ሰው መሆኑን፣ ይህን ያህል ዘመን ኖሬበት፣ አላሰብኩትም። በማግስቱ ዱካኔ የገባው ሁሉ፣ መብሩክ ያ አሪስ፣ እንኳን ደስ ያለህ ሙሽራው አለኝ።

3. ማስተባበል ነበረብኝ። ነገር ግን መዳፌን ያየ ሁሉ ቁምጥና ነው ብሎ እንዳይሸሸኝ እፈራ ስለነበር፣ ከድውይ ሙሽራ መባል ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ። እንዲያውም ፈገግ ብያለሁ። በሃምሳ ዓመቴ፣ ሸሚዝ ለመልበስ ክንዴን ማንሣት ተስኖኝ፣ ሙሽራ መባሉ ደስ አሰኝቶኛል፤ ለሸንጎ አልዋሽም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔን ነው። ወሬው ከነጋዴ ጋር ድንበር ተሻግሮ ራዲያ ጆሮ ደረሰ። እሷም ከሙሽራህ ጋር ኑር ብላ ላከችብኝ፤ ለሸንጎውም ከሰሰችኝ።

4. በኋላ ካርቱም ሄጄ የታየሁት ሐኪም ደረቴን አየ፤ መዳፌን ገልብጦ አየና ሁለቱ አንድ ሕመም ናቸው አለኝ። የአጥንት ብግነት በአንዳንድ ሰው ላይ ከእንዲህ ያለ የቆዳ ሕመም ጋር እንደሚመጣ፣ መግሉ ጀርም እንደሌለበት፣ ቁምጥና እንዳልሆነና ወደ ሰው እንደማይተላለፍ ነገረኝ። ነገር ግን እየሄደ እየተመለሰ አብሮኝ ይኖራል። ሸንጎው የግድ ሁለተኛ ካለ፣ ጁምዓ ይዤው የምቀርበው ይህንኑ ነው። የሐኪሙን ማስረጃ አያይዣለሁ።

ስለሆነም ትእዛዙ እንዲነሣልኝ፣ ወደ ራዲያም አንድ ሽማግሌ እንዲላክልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ራዲያ ሕመም የምትሸሽ ሴት አይደለችም፤ እናቴን አልጋ ላይ አስታማ ነው የቀበረችልኝ። የቀረችው ደብቆኝ አገባ ብላ ነው። ያለ እሷ ቤቱ ቤት አልሆነልኝም።

የሚሄደው ሽማግሌ ሁሉንም ይንገራት፤ ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን የሚያለብሰኝ ጎረቤት መሆኑን ግን አይንገራት፣ አዝናልኝ እንድትመጣ አልፈልግም ብዬ እዚህ ላይ ጽፌ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ይንገራት። አዝናም ቢሆን ትምጣልኝ።

እጄ ለመጨባበጥ ባይበቃም፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ኸይሩ አደም