ፒክ አፕ፣ ሎኮና ቀዩ እስክሪብቶዬ

ሰኞ
አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፦ በእንግሊዝኛ «ፒክ አፕ» የሚባለው ግስ ፍቺው አንድ ብቻ አይደለም። ከመሬት ማንሳት፤ መንገደኛ ማሳፈር፤ ቋንቋን ሳይማሩ ከሰው አፍ መልመድ፤ የቀዘቀዘ ገበያ መነቃቃት። ለተማሪዬ ለሎኮ ዛሬ ያስተማርኳት የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ዐርብ ለናይሮቢ አውቶቡስ ቲኬት ሻጭነት ቃለ መጠይቅ አለባት። ጠያቂው ከናይሮቢ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማንያታ ሰፈር ሰልባጅ እየሸጠች ትኖራለች። ይህ ሥራ ካመለጣት ጎዶማ መንደር ወንድሟ ቤት ጥገኛ ልትሆን ነው። አትፈልግም።

ማክሰኞ
አስር ዓረፍተ ነገር አዝዣት ሰባት ጻፈች። ሰባቱንም በቀይ አረምኩ። አንዱ ሳይስተካከል ወደ ቀጣዩ ማለፍ የለም፤ ዋልዳ የስደተኞች መጠለያ ሳስተምርም እንዲሁ ነበር።
«ሙዋሊሙ፣ ደብተሬን እኮ የታረደ ፍየል አስመሰልከው» አለች፤ በስዋሂሊ «መምህር» ማለቷ ነው። አልሳቅኩም። መሳቅ ነበረብኝ።

ረቡዕ
ልምምድ። እኔ ጠያቂ ሆንኩ። መንገደኞቹን የት እንደምታሳፍር በእንግሊዝኛ ጠየቅኳት። ዝም። ደገምኩላት። በጣቷ ጉልበቷ ላይ ፊደል ትጽፋለች፤ አፏ አይከፈትም።
«እንዳልሳሳት ብዬ ነው» አለች በመጨረሻ።
ሁለት ቀን ቀረ። ምሳ አልበላ አለኝ።

ሐሙስ
ቀረች። ማንያታ ድረስ ሄድኩ። መደቧ ፊት ከቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር በጃኬት ዋጋ ትከራከራለች፤ በእንግሊዝኛ! ጊዜው የተዛባ፣ ግሱ የጎደለ። ሰውዬው ግን እየሳቀ ይመልስላታል። ሁለት ጃኬት ገዝቶ ሄደ። ኪሴ ውስጥ እስክሪብቶዬን ስነካካ ቆየሁ፤ አላወጣሁትም።
«ስንት ስህተት ቆጠርክ?» አለችኝ። «አንተ» ነው የምትለኝ፤ ለምጄዋለሁ።
አስራ አንድ። «አልቆጠርኩም» አልኳት። «ነገም ልክ እንደዚህ አውሪ። ብትሳሳቺ እንዳትቆሚ።»
«አሞሃል እንዴ፣ ሙዋሊሙ?»
ለተማሪ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ትክክል ይሁን አይሁን እንጃ።

ዐርብ
ሦስት ሰዓት ላይ ለቃለ መጠይቁ ገባች። አሁን ዘጠኝ ሆነ። ሁለቴ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ተፈታኞቹን ስልክ አጥፉ ብለዋቸው ይሆናል። ወይስ እንደ ረቡዕ ዝም አለች? ያን ዝምታ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የትናንቷ አንዲት ምክር ታስረሳታለች? ቲኬት ቢሮው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ በሩ ተቆልፏል። ቁጭ ብድግ አልኩ። በመጨረሻ መልእክት ላክሁላት፤ እዚህም ልገልብጠው፦
«ሎኮ፣ በፈለግሽው ቋንቋ ይሁን፣ ስህተትም ይኑርበት። ምን እንዳሉሽ አሁኑኑ ጻፊልኝ።»