ስለ ጥቁሩ መኪና

ውድ አባ ኮምሳን፣

ይህን የምጽፍልዎት ወደ ሰሜን ዞሬ ሦስት ጊዜ ሰግጄ ነው። ጉልበቴን ያውቁታል፤ ሦስተኛዋ ስግደት ጎደሎ ናት፣ እንደ ሙሉ ይያዙልኝ። ያሉበትን የነገረኝ የገዳማችን ነጂ አጎት ሳንግ ነው። ሎይ አውራጃ ውስጥ ተራራ ላይ ያለ የጫካ ገዳም ገብተዋል፣ ፖስታም በሳምንት አንዴ ነው የሚደርሳቸው አለኝ። ይድረስም አይድረስም እጽፋለሁ፤ ለሌላ ሰው የማልናገረው ነገር አፌ ላይ ከቆመ ወር አልፎታል።

ላምዱዋን ነኝ፣ የሟቹ የባለ ወፍጮው የታዊ ሚስት። ስሜን አይተው ደብዳቤውን ወደ ጎን እንዳያደርጉት እለምንዎታለሁ።

ታዊ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው። የሩዝ ወፍጮውን ስሸጥ ጫጫታው አብሮ ሄደ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ “ይሄ ነገር ጆሮዬን በላው” እያልኩ ስማረር የኖርኩት ሴትዮ፣ ጸጥ ሲል ግድግዳ ይዤ አለቀስኩ። ልጄ ኦራታይ ባንኮክ ሱቅ አላት። እሁድ እሁድ ትደውላለች፦ “በላሽ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ? በይ ደንበኛ መጣ።” ከዚያ ውጭ በቀን ደጄ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እርስዎ። ጠዋት ለምጽዋት በባዶ እግርዎ ይመጣሉ፣ ትኩሱን ሩዝ ሳህንዎ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ተንበርክኬ ምርቃቱን እሰማለሁ፣ ይሄዳሉ። ሁለት ደቂቃ አይሞላም። እኔ ግን ለዚያች ሁለት ደቂቃ ስል ነበር ከአልጋዬ የምነሳው።

አንድ ቀን፣ “ገባ ብለው ትንሽ አረፍ ይበሉ” አልኩዎት።

“እማማ፣ ሌላ ወንድ በሌለበት ከሴት ጋር አልቀመጥም። ሕጉን ታውቂዋለሽ።”

“ስድሳ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ አባ። ከእኔ ጋር ማን ያማዎታል?”

“ሕጉ ዕድሜ አይጠይቅም” ብለው ፈገግ አሉና አለፉ። ያን ቀን ሳልበላ ዋልኩ። ተቀይሜ ነበር፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ሕልሜን ይዤ የገዳሙ አዳራሽ ድረስ የመጣሁት ከዚያ በሳምንቱ ነው። ያስታውሱታል። ታዊ በሕልሜ መጣ አልኩዎት፤ ጥላ በሌለበት መንገድ ዳር ቆሟል፣ ላቡ ይንጠፈጠፋል፣ “ላምዱ፣ መኪና ላኪልኝ” ይለኛል። ሟች የጠየቀውን ለመነኩሴ እንደምንሰጥ፣ መነኩሴውም ሲገለገልበት ለሟቹ እንደሚደርሰው እኔም እርስዎም ያደግንበት እምነት ነው። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከጣሪያው ውኃ ጠብ እያለ ባልዲ ውስጥ ሲወርድ እንሰማ ነበር።

“እማማ፣ ቆርቆሮው በስብሷል። ጣሪያውን በታዊ ስም ብናለብሰውስ?”

“ቆርቆሮ አልጠየቀኝም” አልኩዎት።

“መኪና እኔን አይመቸኝም። ሰውስ ምን ይላል?”

“ባሌ ፀሐይ ላይ ቆሞ እርስዎ ስለ ሰው ወሬ ይጨነቃሉ?”

አንገትዎን ሰብረው እሺ አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ያ ጥቁር የጀርመን መኪና ከባንኮክ መጥቶ ገዳሙ ግቢ ሲቆም፣ የሰፈሩ ሰው አንድ የከተማ ባለጸጋ የላከው መሰለው። እኔ ነኝ “በስውር የተሰጠ ጽድቁ ይበልጣል” ብዬ እንዳይናገሩ ቃል ያስገባሁዎት። ስውር የፈለግኩት ግን ለጽድቁ አልነበረም። ኦራታይ የወፍጮው ገንዘብ ባንክ ያለ ነበር የሚመስላት። ከሴት እጅ በቀጥታ ስለማይቀበሉ፣ ቁልፉን ያነጠፉት ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩ፤ እርስዎ ጨርቁን በጫፉ ሳብ አድርገው ተቀበሉኝ፣ መረቁኝም።

ከዚያ በኋላ በየወሩ፣ ታዊ በሞተበት ቀን፣ በመኪናው እየመጡ ቤቴ ጸሎት ያደርሱለት ጀመር። አጎት ሳንግ ይነዳል። አጎት ሳንግ ደረጃው ላይ ስለሚቀመጥ ሕጉም አልተጣሰም፤ ጆሮው ስለማይሰማ እኔም የልቤን አወራለሁ። ስለ ጉልበቴ አወራሁዎት፣ ስለ ማንጎዬ፣ ስለ ኦራታይ የተፋታ ባል። እርስዎም እናትዎ በልጅነትዎ እንደሞቱ፣ የኮኮናት ቂጣ ሲሸትዎት እንደሚያስታውሷቸው ነገሩኝ። በሚቀጥለው ወር ቂጣውን ጋገርኩት። እኔ መናገር ብቻ አይደለም የናፈቀኝ አባ፤ ለካስ ምን እንደሚወድ የማውቀው ሰው መኖሩ ነበር የናፈቀኝ።

ባለፈው ክረምት መግቢያ መኪናውን ሸጠው አዳራሹን ለመጠገን ሲጠይቁኝ እንዴት እንደተቆጣሁ መቼም አይረሱትም። “ታዊን ከመኪና አውርደው መንገድ ላይ ሊጥሉት ነው?” አልኩ። እርስዎም ቀስ ብለው፣ “እማማ፣ የሰጠሽውን ነገር እጅሽ ገና አልለቀቀውም” አሉኝ። እኔም መልስ አላጣሁም፤ “እርስዎም ገና በእጅዎ አልያዙትም” አልኩ። ምላሴን ያውቁታል።

በኋላ የሰጠሁዎት የወርቅ ሰዓትም እንዲሁ ነው። ከቀትር በፊት መብላት ስላለብዎት ሁልጊዜ አጎት ሳንግን ሰዓት ይጠይቃሉ፣ እሱም አይሰማም። “ታዊ ሰዓት ይወድ ነበር” ብዬ ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩልዎት። እቤቴ ሲደርሱ ያስሩታል፣ ሲወጡ ፈትተው መኪናው ኪስ ውስጥ ይተዉታል፤ አይቼዎታለሁ። አንድ ቀን ግን ገና ከመኪናው ሳይወርዱ፣ “ለታዊ ላሳየው፣ አንዴ ብቻ” ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ከኋላ ወንበር ተቀምጠዋል፣ ሰዓቱ እጅዎ ላይ ነው፣ ፀሐዩ ዓይንዎን ወግቶዎት የታዊን ጥቁር መነጽር አድርጌልዎት... እኔ ሳልሆን አጎት ሳንግ ነው ያደረገልዎት፣ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሳቁ። በፎቶው ላይ ጥርስዎ ይታያል።

ፎቶውን ከታዊ ምስል ፊት ብቻ ባስቀምጠው ኖሮ ይኼ ሁሉ ባልመጣ። እኔ ግን ለጎረቤቴ ለጂያም ላክሁት። “እይ እስቲ ማን እቤቴ እንደሚመጣ” ብዬ። ልጆቿ በየበዓሉ ቤቷን ይሞሉታል፤ አንድ ቀን እንኳ እሷ ትቅናብኝ ብዬ ነው። ጂያም ለእህቷ፣ እህቷ ለማኅበሯ፣ ከዚያ ማን ይያዘው? በሦስተኛው ቀን “ባለ ወርቅ ሰዓቱ መነኩሴ” ተብለው አገሩ ሁሉ “አያችኋቸው?” “አየናቸው” ሆነ። ካሜራ የያዙ ሰዎች ገዳሙን ከበቡት።

ጂያም ሮጣ መጣች። “አንቺ፣ ጉድ ፈላ። አንቺ አላነሳሽም፣ እኔም አልላክሁም። ተግባባን?”

“ተግባባን” አልኳት።

የወረዳው የመነኮሳት አለቃ፣ ሽማግሌው አባት፣ አዳራሹ ውስጥ ሲጠይቁዎት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ኦራታይ ወሬውን ሰምታ ከባንኮክ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። “እማዬ፣ በየጠዋቱ የምታበይውን ሰውዬ አየሽልኝ? አንቺ ሩዝ፣ ሌላው መኪና” ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሽማግሌው አባት፣ “መኪናውን ማን ሰጠህ?” አሉ። እርስዎ ቀና ብለው አላዩኝም። ወደ እኔ እንኳ አልዞሩም።

“ሰጪው አይጠራ አባቴ። ጨርቁን አንጥፌ የተቀበልኩት እኔ ነኝ” አሉ።

መነሳት ነበረብኝ። አፌን መክፈት ነበረብኝ። የልጄን እጅ አየሁ፣ ክንዴ ላይ ተጣብቋል፤ ስንት ጊዜ ነው ልጄ ክንዴን የምትይዘኝ? አቀርቅሬ ዝም አልኩ።

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ግን በማግስቱ ጠዋት የሆነው ነው። ገዳሙን ለቀው እንደሚሄዱ ሁሉም ሰምቷል። በእኛ መንገድ አንድም በር አልተከፈተም። እኔ ሩዙን ሠርቼ፣ በቅጠል የጠቀለልኩትን ዓሣ ይዤ፣ ከመስኮቱ መጋረጃ ኋላ ቆሜ ነበር። ጂያም ከማዶ በረንዳዋን ትጠርጋለች፤ የሚጠረግ ነገር የለም፣ ማን እንደሚሰጥ ልታይ ነው። እርስዎ መጡ። ሁልጊዜ እንደሚቆሙት ቆሙ፣ ዓይንዎ መሬት ላይ። የሩዙ እንፋሎት ፊቴን ይመታኝ ነበር። በሩን አልከፈትኩም አባ። ከዚያ ባዶ ሳህንዎን በመጎናጸፊያዎ ሸፍነው ሄዱ። ከቀትር በኋላ እንደማይበሉ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ጦምዎን እንደዋሉ አውቃለሁ። ሩዙን ለዶሮ ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አልነግርዎትም። በእርስዎ ምትክ የመጡት ወጣት መነኩሴ በደጄ ያልፋሉ፣ እሰጣቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል። ፊታቸውን ማየት አፍራለሁ።

ባለፈው የሙሉ ጨረቃ በዓል፣ ጸሎቱ እንዳለቀ ተነሳሁና ድምፅ ማጉያውን ከያዘው ሰው እጅ ወሰድኩት። “መኪናውን የሰጠሁት እኔ ነኝ” አልኩ። “ሰዓቱንም። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባ ኮምሳን ቆርቆሮ ነው የጠየቁኝ።”

ጂያም ከኋላ፣ “ተቀመጪ ላምዱዋን፣ ሙቀቱ ነው” አለች።

“ሙቀቱ አይደለም፣ ጂያም። ለማን እንደላክሁት ልንገራቸው?” አልኩ። እሷ ተቀመጠች።

ሰው አጉረመረመ፣ አንዳንዱ “አሮጊቷ ወዳቸው ነው” ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። ሽማግሌው አባት ግን የመኪናውን ደረሰኝ አስመጥተውኝ አዩ፣ ቃሌንም ጻፉ።

ማታ ሳይደርስ ኦራታይ ደወለች። ስለ ገንዘቡ ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ሕልሙን ነገርኳት። ሰማችኝና፣ “እማዬ፣ አባዬ እኮ መኪና ሲገባ ያስመልሰው ነበር። አውቶቡስ ላይ ሎሚ እያሸተተ ነው የሚሄደው። ዕድሜውን በብስክሌት የጨረሰ ሰውዬ ነው መኪና ላኪልኝ ያለሽ?” አለችኝ። “ለማን ነው የገዛሽው?” ብላ ጠየቀችኝና ሳልመልስላት ዘጋችው። ባለፈው እሁድም አልደወለችም።

እርስዎም ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት። ሕልም የለም አባ። ታዊ አንድም ቀን በሕልሜ መጥቶ አያውቅም፤ ቢመጣልኝማ ኖሮ። መኪናውን የገዛሁት ለነጂው ነው። መኪና ካለ ነጂ አለ፣ ነጂ ካለ ወንድ አለ፣ ወንድ ካለ ደግሞ ገብተው ይቀመጣሉ። ዕቃ መጫኛ መኪና ብሰጥማ ለሲሚንቶ ያውሉት ነበር፤ ቅንጦቱን የመረጥኩት እርስዎን ወደ እኔ ከማምጣት በቀር ለሌላ ነገር እንዳይረባ ነው። የሞተ ባሌን መንገድ ዳር ፀሐይ ላይ አቁሜ ዋሸሁበት። እርስዎም ለእሱ አዝነው ስምዎን ከፈሉበት። ለጽድቅ ሰጠሁ እያልኩ ሰው ስገዛ ነበር።

ሽማግሌው አባት ሰኞ ዕለት አስጠርተውኝ ነበር። “ስሙ ጸድቷል። የክረምቱ ሱባዔ ሳይገባ ይመለስ። አንቺ ጻፊለት፤ አንቺ ከለመንሽው አይጨክንም” አሉኝ። መልእክታቸውን ይኸው አድርሻለሁ። መኪናውንም እንደወደዱ ያድርጉት ብያቸዋለሁ።

እኔ ግን አልለምንዎትም። ስለማልፈልግ አይደለም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ደጅ ላይ ነው። ራሴን ስለማውቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሩዝ አወጣለሁ፣ በሁለተኛው የኮኮናት ቂጣ፣ ወሩ ሳይሞላ ደግሞ አንድ ሕልም አልማለሁ።

መመለስ ከፈለጉ ለሕዝቡ ይመለሱ፤ ይወድዎታል፣ አፍሯልም። ብቻ ጠዋት ለምጽዋት ሲወጡ በወፍጮ ቤቱ መንገድ አይምጡ። በወንዙ ዳር ይሂዱ። እዚያም ማልደው ሩዝ የሚያበስሉ ቤቶች አሉ።

ላምዱዋን