የሰጠመው ሰው ድምፅ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ልጄ ኢክራም ዛሬም አላናገረችኝም። አራተኛ ቀኗ ነው። ስገባ አልጋ ሥር ትደበቃለች፤ ስወጣ ትወጣለች። እስከ ሐሙስ ድረስ ከሱቅ ስመለስ ኪሴን የምትበረብር የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች።

ያጣራሁት፦ ትምህርት ቤት የመታት የለም። ጤና ጣቢያ ምንም አላገኙባትም። ሰው ክፉ አድርጓት ይሆን?

ጎረቤታችን ሆዳን፣ የግመል ወተት የምትሸጠው፣ «ወላል ኑሩ፣ ወንድሜ፣ ይሄ ጂን ነው። ቁርአን አስቀራባት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ጉዳት የለውም።

ማክሰኞ

ሼኩ መጥተው ቁርአን ቀሩባት። ጸጥ ብላ ሰማች፤ ውሃም ጠጣች። ደስ አለኝ። መጨረሻ ላይ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ «አሚን» ስል ቤቱን በጩኸት ሞላችው።

ሼኩ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ የምትፈራው ጂን አይደለም። አንተን ነው» አሉኝ።

በገበያ ሰው ፊት ፊቴ አይለወጥም። ዛሬ ተለወጠ። ሚስቴ ዘይነባ አየችው።

ረቡዕ

ለምሳ ሄጄ እንደ ሁልጊዜው አንኳኳሁ። «ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ።» ኢክራም በጓሮ አጥር ዘልላ አስፋልት ላይ ወጣች። የሚመጣ ባጃጅ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ሾፌሩ ሰደበን፤ እውነቱን ነው። ሆዳን የወተት ጄሪካኗን ጥላ ይዛ መለሰቻት። እኔ መቅረብ አልቻልኩም።

ዘይነባ አቅፋት ስታባብላት ኢክራም ተናገረች። «አባቴ ሰጥሟል። የሚያንኳኳው እሱ አይደለም» አለቻት።

ዘይነባ፣ «ጅጅጋ ውስጥ ደግሞ የት ነው የሚሰጠመው?» አለችኝ። ያኔ ገባኝ።

እንጀራዬ በፍላሽ ፊልም መጫን ነው። ለተርጓሚ ላለመክፈል ከምስሉ እየገመትኩ አማርኛውን ራሴ አነባለሁ፤ ባሉን፣ ሚስቱን፣ ቄሱን ሁሉ በአንድ ድምፅ። ባለፈው ሳምንት የሠራሁት የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ነው፤ አምስት አስፈሪ ታሪኮች በአንድ ላይ። በሦስተኛው፣ ባሕር ውስጥ የሰጠመ መርከበኛ ውሃ እያንጠባጠበ ቤቱ ይመጣና በር ያንኳኳል። ለሬሳው የሚሆን ቃል ሳጣ የራሴን ሰጠሁት፦ «ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ።» ደንበኛ እንዲሰበስብልኝ ብዬ ፊልሙን ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ለቀቅኩት። ሐሙስ ኢክራም ከትምህርት ቤት መጥታ እዚያው ቁጭ ብላ ነበር። እኔ ደንበኛ ሳስተናግድ ዞሬም አላየኋት።

ለዘይነባ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። «ቅዳሜ ባቢሌ እናቴ ጋ እወስዳታለሁ። እስከ መቼ እንደሆነ አትጠይቀኝ» አለች።

ሐሙስ

ፊልሙን ከኮምፒውተሩ አጠፋሁ። ምን ይጠቅማል፤ ከልጄ ጆሮ አይጠፋ።

ፊልሙን ከእኔ የገዛ፣ ወደ ሐርተሼክ ዕቃ የሚጭን ሾፌር መጥቶ፣ «ኑሩ፣ ወላሂ ሬሳው አንተን ቁርጥ! ዋጋ ቀንስ ቢሉት አይቀንስም!» ብሎ ሳቀ። አልሳቅኩም። «ምነው፣ ሞትክ እንዴ?» አለኝ።

ምን ይሻላል ብዬ ፊልሙን ያመጣልኝን የእንግሊዝኛ መምህር አስጠራሁት። እሱ ጋ ያለው ኦሪጅናል መጨረሻው ላይ እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ክፍል እንዳለው አስታወሰኝ። ገዢ የለውም ብዬ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አብረን አየነው፤ እሱ ተረጎመልኝ፣ እኔ ጻፍኩ፦

ባሕሩ አዳራሽ ውስጥ ያለ ገንዳ ነው።
ጭጋጉ የበረዶ ጢስ ነው፤ ሠራተኞቹን ሲያስላቸው ይታያል።
የሬሳው ራስ ላይ የተጠመጠመው የባሕር ሣር አረንጓዴ የሱፍ ክር ነው።
የሬሳው ጣቶች በሙጫ ስለተለበጡ በሩን የሚያንኳኳለት ሌላ ሰው ነው።
እንዳይደርቅ ደግሞ አንዲት ሽርጥ ያደረገች ሴት በማንቆርቆሪያ ውሃ ታፈስበታለች። አመሰግናለሁ ይላታል።

ነገ ላሳያት ነው። ከባሰባትስ? ሁለተኛ ካስፈራኋት ዘይነባ ከባቢሌ አትመልሳትም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ዘይነባ ሱቅ አመጣቻት። መሐላችን ተቀመጠች፤ በእናቷ ልብስ ተሸፍና። ድምፁን ዘጋሁት። እኔም አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዘይነባ ከጻፍኩት እያየች ነገረቻት።

ሱፉን ሲነቅሉለት ሬሳው መላጣ ሆኖ ወጣ። ኢክራም ከልብሱ ውስጥ አንድ ዓይኗን አወጣች። ባለማንቆርቆሪያዋ ስትመጣ ሁለቱንም።

«ውሃው ቀዝቃዛ ነው?»

ማንን እንደጠየቀች አላወቅኩም። ዘይነባ በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

«ለብ ያለ ነው» አልኩ፤ ቀስ ብዬ። ክው ብላ እናቷን ያዘች። ግን አልሮጠችም።

ማይኩን አወጣሁ። ምስሉን ከፍቼ የሬሳውን ቃል አፌ እየታየ አልኩት። መልሼ አሰማኋት። አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ አፌን አየች። «ድገመው» አለች። አራት ጊዜ አስደገመችኝ። በአራተኛው፣ «አታስፈራም እኮ፤ የጉንፋን ድምፅ ነው» አለች። ዘይነባ ሳቀች። እኔ ወደ መደርደሪያው ዞርኩ።

ስለ ባቢሌ ዘይነባ አንድም ነገር አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ኢክራም ክንዴ ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ክንዴ ደነዘዘ፤ አላንቀሳቀስኩትም። ሾፌሩ እንደ አጎት ቆጥሮኝ «አዴር፣ ወዴት ልታጠፍ?» አለኝ። ድምፄን ማውጣት ፈራሁ። በጣቴ ወደ ግራ አሳየሁት።