የጋሽ ኸሚስ እግር

ሐምሌ 5 ቀን 2013
ለአረፋ የታዘዘኝ ስፌት አላለቀም። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ... ሙሀይሚን ባጃጁን አቁሞ ሱቄ ደጃፍ ተገተረ። "እትዬ፣ ነገ ትሄጃለሽ አይደል?" ወንድሜ እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም! ፈሂማ የምትባል የአምባሰል ልጅ ወዷል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ዘር አጣሪዋ እኔ ነኝ። ሽማግሌ ሳይላክ ቤቱን ማየት አለብኝ።

ሐምሌ 6
ማር ገዢ መስዬ ሄድኩ። ልጅቱ... ማሻአላህ። አባቷ ጋሽ ኸሚስ ግን! አንድ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ዝሆኔ ነው። ምግብ አቀረቡልኝ። "የዙልሒጃን ጾም ይዣለሁ" አልኩ። ውሸቴን ነው። ተጸይፌ ነው። ሳልቀምስ ወጣሁ።

ሐምሌ 7
ነገርኩት። "ዘራቸው ነው፣ ነገ በልጆችህ ይወጣል።" ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ለእሱው ብዬ ነው... አይደለም እንዴ?

መስከረም 9 ቀን 2014
የዝሆኔው ወሬ አምባሰል ደርሷል አሉ። ፈሂማን ሊጠይቅ ያሰበ ሌላ ሰውም ቀረ። ማን አወራው? እኔው ነኝ፣ ለጎረቤት የለፈለፍኩት። ይቺ ምላሴ!

ጥቅምት 20
የጦርነቱ ተኩስ ሐይቅ ከተማ ጫፍ ደረሰ። መኪና የለም። ሰው ሁሉ ልጁን አዝሎ ወጣ። እኛም በእግር ወደ ተራራው። ሙሀይሚን "የት እንደምንገባ አውቃለሁ" አለ። ገባኝ። የእነፈሂማ ቤት ነው።
ጋሽ ኸሚስ ከበር ወጥተው ተቀበሉን። "አብሽሪ ልጄ፣ ግቢ።" ንፍሮ ሰጡን። በላሁ። ያ አላህ፣ በዚያው እጃቸው የሰጡኝን ንፍሮ ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጥቅምት 27
ጠሃ የሚባል ነርስ እንደኛው ሸሽቶ እዚህ ተጠልሏል። የጋሽ ኸሚስን እግር በሳሙና ያጥባል፣ ያለችውን ቫዝሊን ይቀባል። እኔ ዝም ማለት የት አውቄ! "በሽታው እኮ በዛ፣ በአያቶቻችን ጊዜ ይሄ ሁሉ የት ነበር?" አልኩ።
"ነበረ እንጂ። ስም አላወጡለትም" አለ ጠሃ። "አዲስ የመጣም አለ፣ እንደ ኮሮና። የጠፋም አለ፣ እንደ ፈንጣጣ። ብዙው ግን ድሮ አንድ የተባለው ሲመረመር ሁለት ሦስት እየሆነ ነው የበዛው። ይሄው ዝሆኔ። አንዱ በቆላ በትንኝ ይመጣል። የጋሽ ኸሚስ ግን ከአፈሩ ነው። ቀዩን አፈር በባዶ እግራቸው ሲረግጡ ኖሩ።"
"ዘር አይደለም?"
"ቆዳው ቶሎ የሚጎዳ ቤተሰብ አለ። ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የሚታጠብ ግን ምን ያስፈራዋል?"
ፈሂማ ውሃ ይዛ ቆማለች። ጫማ አድርጋለች። ያን ቀን ማር ስትሰፍርልኝም አድርጋ ነበር። ልብ አላልኩም። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ኅዳር 2
አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ልላቸው ቀረብኩ። ቀድመውኝ "በላሽ ወይ ልጄ?" አሉኝ። አዎ ብዬ ወጥቼ አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 8
ሐይቅ ተመለስን። ሱቄ ተሰብሯል፣ የስፌት መኪናዬ የለችም። ሰው "አላህ ይተካልሽ" ይለኛል። እኔ ያጠፋሁትንስ ማን ይተካዋል?

ጥር 14
ብቻዬን ሄድኩ። ጋሽ ኸሚስ እግር ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። "እኔ አውፍ ብያለሁ። የልጄን ከልጄ ጠይቂ።"
ፈሂማ እንስራዋን አስቀምጣ ሰማችኝ። ጠሃ ያለውን ሁሉ ደገምኩላት። ከአፈር እንደሆነ፣ ወንድሜ ዛሬም እሷን እንደሚል፣ ሽማግሌ እንደምልክ...
"እትዬ ነጅዋ፣ ጠሃ ዘር ነው ቢልሽ ኖሮ ዛሬ ትመጪ ነበር?"
መልሴን ሳትጠብቅ እንስራዋን አነሳች።
"ሙሀይሚን ከፈለገ ራሱ ይምጣ" ብላኝ ገባች።
መንገዱን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት መጣሁ። እመጣ ነበር እንጂ! ቤታቸው ተጠልዬ፣ እህላቸውን በልቼ እንዴት አልመጣም?
ማታ ሙሀይሚን "ምን አለች?" አለኝ። "ራስህ ሂድ" አልኩት። የጠየቀችኝን አልነገርኩትም። እዚህ ደብተሬ ላይ ግን ማንን እዋሻለሁ? አልመጣም ነበር።