ጭንቀታችንን በዝምታ ላከሙልን የገበያ አዳራሽ ኃላፊ

ለተከበሩ የገበያ አዳራሻችን ኃላፊ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እንቅልፍዎስ? እንቅልፍን ለይቼ የምጠይቀው በክፋት ሳይሆን በሙያዬ ነው፤ በሦስተኛው መደዳ ትራስና ብርድ ልብስ የምሸጠው ሰው ነኝና የሰው እንቅልፍ ያሳስበኛል። ስለ እኛ ከጠየቁ፣ ለጤናችን ብለው ካወጡት መመሪያ ወዲህ ከጤናችን በቀር ምንም አልጎደለብንም።

ባለፈው ወር ጭንቀትን ስለ መቆጣጠር ያሰጡንን ሥልጠና መቼም አንረሳውም። አሠልጣኙ በደንብ እንድንተነፍስ፣ በጊዜ እንድንተኛ፣ በሆዳችን የያዝነውን ለምናምነው ሰው እንድንናገር መከሩን። ደግ ምክር ነው፤ አልዋሽም። በማግስቱ ግን ጩኸት የጭንቀት ምልክት ስለሆነ በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ ከፍ ማድረግ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በየበሩ ለጠፉ። እነሆ ምስጋናችን፦

፩ኛ. የመደዳችንን አሠራር ስላቃኑልን እናመሰግናለን። እኛ ያልሠለጠንነው፣ ገበያተኛ የሌለንን ዕቃ ሲጠይቀን ካለበት ሳናነቃንቀው ዕቃው ላለው ጎረቤት እንጣራ ነበር። እኔ «እትዬ ጡሩምባ፣ ነጭ ክር!» ስል፣ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤቴ ከወዲያ ጫፍ «ያዘው መጣሁ! ያንን የድንጋይ ትራስህን እንዳትሸጥለት ብቻ!» ትለኝ ነበር። ገበያተኛው ይስቃል፤ ክሩንም ትራሱንም ይዞ ይሄዳል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ዝም ባለ መደዳም ገበያተኛ እንደማይገባበት በእርስዎ ቸርነት ተምረናል።

፪ኛ. ስለ ደህንነታችንም እናመሰግናለን። ባለ ጋሪው ተሸካሚ ቀድሞ «ዞር በሉ!» እያለ ያልፍ ነበር። አሁን መመሪያውን ስለሚያከብር መስታወት ሻጩን ከኋላው በዝምታ ገጭቶት ሲያበቃ፣ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ይቅርታ ጠይቆታል።

፫ኛ. ዋናው ምስጋናዬ ግን ስለ እትዬ ጡሩምባ ነው። ይህች ሴት ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገችው በጉሮሮዋ ነው። ተቆጣጣሪዎችዎ ስትጣራ አግኝተዋት ጥያቄ አቀረቡላት። በሥራሽ ላይ ትጮሂያለሽ ወይ ሲሏት፣ «ታዲያ በእንቅልፌ ልጩህ?» አለች። ከፍተኛ ጭንቀት አለባት ብለው ጻፉና፣ እንድታርፍ መደብሯን አሸጉላት። በሽተኛ መሆኗን አምና፣ ዳግም ላትጮህ እስከ ዓርብ ካልፈረመች መደብሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል ተብላለች። ከመታሸጉ በፊት ጭንቀት አልነበረባትም፤ አሁን እንኳን ደስ ያለዎ፣ ይዟታል።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በተፈጥሮዬ ዝምተኛ ነኝ። የቀኑ ነገር ሲያንገበግበኝ ማታ በማስታወሻዬ እጽፈውና እተኛለሁ። እሷ ደግሞ ለጣሪያው ትጮኸውና ቀልሏት ወደ ልጆቿ ትገባለች። ሰው ሁሉ ጭንቀቱን የሚያስወጣበት የራሱ በር አለው። እርስዎ የእሷን በር ከርችመው ሲያበቁ፣ በደንብ ተንፍሺ አሏት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የማስታውቅዎ፣ ከሰኞ ጀምሮ እትዬ ጡሩምባ ከቤቷ ያመጣችው ክርና ቁልፍ በእኔ መደብር ግማሽ ጠረጴዛ ላይ መዋሉን ነው። የንግድ ፈቃዴን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ጨርቃጨርቅና ተዛማጅ ዕቃዎች ይላል። ቁልፍ ከጨርቅ ጋር የማይዛመድ ከሆነ፣ እባክዎ የራስዎን ሸሚዝ ዝቅ ብለው ይመልከቱ። ሴትዮዋም አትፈርምም። ዓርብ መደብሯን ለሌላ ሊያስረክቡ ሲመጡ፣ የሦስተኛው መደዳ ነጋዴዎች በሙሉ ነጭ ክር ፈልገን በአንድ ድምፅ እንጠራታለን። እሷም ትመልሳለች፤ ጆሮዎን ይጠንቀቁ። ጩኸታችን ሁላችንንም የሚያሳሽግ ከሆነ፣ የሚያመጡት ማሸጊያ ለመደዳው ሙሉ የሚበቃ ይሁን፤ በመካከል አልቆብዎ እንዳይጨነቁ።

ዕድሜዎ እንደ ማስታወቂያዎችዎ ይብዛ፤ ቢሮዎ እንደ መደዳችን ጸጥ ይበል እያልኩ፣ በአፌ ዝም ብዬ በእጄ የምጮኽልዎ፣

ታዛዥ መሆን ያቃተኝ፣
የሦስተኛው መደዳ ትራስ ሻጭ

ማስታወሻ፦ አሠልጣኝዎ ትናንት ትራስ ሊገዛ መጥቶ ነበር። ሌት ተቀን ከቢሮዎ የሚደወልለት ስልክ ዕረፍት ነስቶት እንቅልፍ ከዓይኑ ከራቀ ሰንብቷል። እትዬ ጡሩምባ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «ወንድሜ፣ ትራሱ የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ አንዴ ጩህ» አለችው። ግራ ቀኙን አየና ጮኸ። ጉድ የሚያሰኝ ድምፅ አለው። የጮኸው የእርስዎን ስም ነው፤ ያለ ማዕረግ።